በሄለን ስም የጻፍሁት

ቀናተኛ ነኝ። ደብቄው አላውቅም። እናቴ ዳባት ላይ ስታሳድገኝ "ይህች ልጅ የጎረቤት ላም መንታ ብትወልድ ሳምንት ሙሉ እህል አትቀምስም" ትል ነበር። አጋነነች እንጂ አልዋሸችም። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ቅናቴ ከሆዴ ወጥቶ የሰው እንጀራ ላይ የተቀመጠበትን ቀን ነው።

ትርንጎ እባላለሁ። ደባርቅ ውስጥ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ በሚወጣው መንገድ ዳር ስድስት ክፍል ያለው ማረፊያ አለኝ። ከዚያ በፊት ተራራ ለሚወጡ እንግዶች ምግብ አብሳይ ነበርሁ። ከጫነ በቅሎ ኋላ ኋላ በእግር እየሄዱ፣ ማታ ድንኳን ውስጥ ድስት መጣድ ነው ሥራው። ጓደኛዬ የሺም እንደኔው አብሳይ ነበረች። ከዳባት አብረን መጣን፣ ያን ሁሉ ብርድ በአንድ ብርድ ልብስ አብረን አሳለፍነው፣ የበኩር ልጇንም ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ማረፊያ የከፈትሁት ግን እኔ ቀድሜ ነው። ይህን ያዙልኝ። እኔ ቀድሜ ነው! የሺ የከፈተችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም አራት ክፍል፣ ያውም ከአስፋልቱ የማይታይ ጓሮ ውስጥ። እኔ ደግሞ ከጎንደር ሠዓሊ አስመጥቼ ቀንዱ እስከ ሰማይ የሚደርስ ዋልያ ያሣልሁበት ትልቅ ታፔላ በሬ ላይ አቁሜያለሁ። ከአውቶቡስ የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው ብዬ ነበር።

የወረደው ሰው ግን ቀና አይልም። ስልኩን እያየ ታፔላዬን ያልፋል። አንድ ቀን አላስችል ቢለኝ፣ ሻንጣ የሚጎትቱ ባልና ሚስት መሐል መንገድ ላይ አቆምሁ።

"ማረፊያ ነው የምትፈልጉት? ይኸው፣ ደርሳችኋል።"

"አይ፣ የየሺን ቤት ነው የምንፈልገው" አለችኝ ልጅቱ በትሕትና። "በስልክ ስንፈልግ መጀመሪያ የወጣችው እሷ ናት።"

መጀመሪያ የወጣችው! በኛ ሥራ ሁሉም ነገር በተራ ነው። ትናንት የተጫነ በቅሎ ዛሬ ያርፋል፤ ትናንት የወጣ አስጎብኚ ዛሬ ሌላውን ያስቀድማል፤ አብሳይም እንዲሁ። ስልክ የሚሉት ግን ተራ አያውቅም። የሺ ዛሬም አንደኛ፣ ነገም አንደኛ፣ በጾምም በፍስክም አንደኛ ናት። እኔ ታች፣ ጣት እስኪደክመው ተገፍቶ ነው የምገኘው።

ምን ብታደርግ ነው ብዬ ጠይቄያት ነበር። አልደበቀችኝም። "ያደረ እንግዳ ሁሉ አስተያየት እንዲጽፍልኝ እለምናለሁ። ደግም ይጻፍ ክፉ፣ ለእያንዳንዱ መልስ እሰጣለሁ። ውሃው የሚሞቀው ፀሐይ ሲኖር ብቻ ነው ብዬ እውነቱን አስቀምጫለሁ። ሌላ ምንም የለውም" አለችኝ። እኔ በሆዴ "ኧረ ባክሽ! በየዳ ድረስ ሄደሽ ደብተራ አስደግመሽ ነው እንጂ!" አልሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ አስቤያለሁ።

ቢቸግረኝ እኔም ዘዴ ፈጠርሁ። ስልኬ ላይ ሄለን በሚል ስም አካውንት ከፈትሁና ስለራሴ ቤት ጻፍሁ፤ "የሰሜን ገነት! እንደ እናት ቤት ነው" ብዬ አምስት ኮከብ ሰጠሁት። ማንም አልመጣም።

ከዚያ ያ የዝናብ ከሰዓት ደረሰ። አንድ መኪና መጥቶ ታፔላዬ ሥር ቆመ። ሰዎቹ ወርደው ከዋልያዬ ሥር ተጠለሉ፤ እሰይ፣ እንግዳ መጣ ብዬ ጃንጥላ ይዤ እየሮጥሁ ወጣሁ። ሹፌሩ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እትዬ፣ የየሺ ማረፊያ በየት በኩል ነው?" በኔ ታፔላ ተጠልሎ! ደሜ ፈላ። በእጄ ጠቁሜ አሳየኋቸውና ገብቼ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁ። ሄለንን ከፈትሁ። እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ "የየሺ ማረፊያ አልጋው ቁንጫ ነው። ውሃው ሆዴን አሳመመኝ። ታምሜ ነው የወጣሁት። ማንም እንዳይሄድ።" አንድ ኮከብ።

ላክሁት። ልዋሽ? ደስ አለኝ። ያን ቀን ጥሩ እራት በላሁ።

ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ የሺ በጠዋት ቤቴ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል።

"ትርንጎ፣ አልሰማሽም? አሥራ አራቱ እንግዶች ቀሩ።"

አሥራ አራቱ እንግዶች ከአንድ የአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት የሚመጡ ነበሩ። አሥራ አራት እንግዳ ማለት ለየሺ ብቻ አይደለም፤ የበቅሎ ጭነት ነው፣ አስጎብኚ ነው፣ አብሳይ ነው፣ በግ የሚሸጥ ገበሬ ነው። ከክረምት በኋላ መንገዱ ሁሉ እነሱን ሲጠብቅ ነበር።

"ምን ሆነው ቀሩ?" አልሁ።

"አንዲት ሄለን የምትባል ታምሜ ወጣሁ ብላ ጽፋለች። ድርጅቱ ደባርቅ በሽታ አለ ብሎ ወደ ሌላ አገር ወሰዳቸው። እኔኮ አራት ክፍል ነው ያለኝ፤ ስምንቱን አንች ጋ ላሳድራቸው ነበር።"

እዚህ ላይ ደግ ሰው ቢሆን ያፍራል። እኔ ግን ምን እንዳሰብሁ ልንገራችሁ? "የተረፋትን ልታጎርሰኝ ነበር!" ብዬ ይባስ ተናደድሁ። ቅናት እንደዚህ ነው። ቢሰጡትም ይከፋል።

"አያ ሞገስ ሰው ሁሉ ነገ ይሰብሰብ ብለዋል" አለችና ወጣች።

አያ ሞገስ የበቅሎ አከራዮቹ ሽማግሌ ናቸው፤ የመካነ ብርሃን ሰው፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ። ስልክ የላቸውም። የጠሩን ለአውጫጭኝ ነው። ለማታውቁት፣ አውጫጭኝ ማለት ጥፋተኛው እስኪገኝ ማንም ከሸንጎው የማይነሳበት የአባቶች ሥርዓት ነው። ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ዳኛው ቀርቦ የሚያውቀውን በጆሯቸው ሹክ ይላል። ማን ምን እንዳለ አይነገርም። ሹክ ባዩን "ወፍ" ይሉታል። የጠፋ በሬ፣ የተቃጠለ ክምር በዚህ ሲወጣ ሰምቼ አውቃለሁ። ስልክ ላይ ለተጻፈ ነገር አውጫጭኝ ሲጠራ ግን የመጀመሪያው ይመስለኛል።

በማግሥቱ ጠዋት በቅሎዎቹ የሚታሰሩበት ግቢ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ተቀመጥን። ጉሙ ገና አልተገለጠም ነበር። አያ ሞገስ ኮርቻ ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

"እስኪ አስረዱኝ" አሉ። "ይህ ክፉ ቃል በወረቀት ነው የተጻፈው?"

"የለም አያ፣ በስልክ ነው" አለቻቸው የሺ።

"ማን ይዞት ሄደ ታዲያ?"

"በአየር ነው የሚሄደው። የትም ያለ ሰው ያየዋል።"

"የጻፈችው ሄለን ናት ብለሻል። ሄለን የምትባል ማን አለች?"

ከአስጎብኚዎቹ አንዱ "እኔ የማውቃት ሄለን ክርስትና ከተነሳች ገና ወሯ ነው" ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉ አብልጬ ሳቅሁ።

"እንግዲያው ስሙ ጭምብል ነው" አሉ አያ ሞገስ። አልሳቁም። "በቅሎዎቼ ጭነት አጥተው ቆመዋል። ከጭምብሉ ኋላ ያለው ሰው እዚህ ከመካከላችን ነው፤ አገር ያላወቀ ሰው የየሺን ቤት ምን ብሎ ይጠላል? እስኪወጣ ማንም አይነሳም።"

ወፍ ተጀመረ። አንድ በአንድ እየተነሳ፣ ወደ ኮርቻው ጎንበስ እያለ፣ ሹክ እያለ ይመለሳል። የሺ አጠገቤ ተቀምጣለች። ከመቀነቷ ቆሎ ፈትታ ግማሹን እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ።

"አንች ማን ይመስልሻል?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"እኔ ምን አውቄ!"

"እንዲያው፣ ብትገምች?"

"የሺ፣ ተይኝ እስኪ።"

ቆሎዋን ቆረጠመች። እኔ የያዝሁትን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁት።

ተራዬ ደረሰና ተነሳሁ። አያ ሞገስ ጆሯቸውን ሰጡኝ፤ ጋቢያቸው የበቅሎ ላብ ይሸታል። አላውቅም ብሎ መመለስ ይቻል ነበር። ብዙው ሰው ያለው እንደዚያ ነው። እኔ ግን አፌን ከፍቼ "ከየሺ ጋር የተጣላ ሰው ማን እንደሆነ አገር ያውቃል" አልኋቸው። ስም አልጠራሁም። አልጠራሁም ብዬ ራሴን እያጽናናሁ ተመልሼ ተቀመጥሁ።

ከየሺ ጋር የተጣላችው ጠጄ ናት። የየሺ አብሳይ ነበረች፤ ከሁለት ወር በፊት ተጨቃጭቀው አስወጣቻት። የዚያን ዕለት ገበያ መሐል "የኔን እንባ ያየ አምላክ ላንችም ያሳይሽ!" ብላ ስትራገም ሰው ሁሉ ሰምቷል። ባሏ ሞቶባታል፤ ልጆቿን የምታሳድገው በአብሳይነት ተራዋ ነው። ፊደል አልቆጠረችም።

ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ ፀሐይ አናት ላይ ደርሳለች። አያ ሞገስ ከኮርቻው ተነሡ።

"ብዙው ወፍ አላየሁም ብሏል። ያመለከቱት ሁሉ ግን የጠቆሙት ወደ አንድ ቤት ነው። ጠጄ፣ ልጄ፣ ተነሽ።"

ጠጄ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አለች። መጀመሪያ የተጠራችው ለሌላ ጉዳይ መስሏት ነበር። ሲገባት ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ወደቀ።

"እኔ? እኔ ነኝ የጻፍሁት? በምኔ? ስሜን መጻፍ የማልችል!"

"ሰው ያጽፋልኮ" አለ አንድ ከኋላ።

"ተራግመሽ የለም?" አለ ሌላው።

"ተራግሜያለሁ! ፊት ለፊቷ፣ በቀን፣ በስሜ ነው የተራገምሁት! እኔ ጭምብል ምን ያደርግልኛል?"

አያ ሞገስ እጃቸውን አንስተው ጸጥ አሰኙ። "ልጄ፣ ንጹሕ ከሆንሽ ነገሩ ቀላል ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሄደሽ ትምያለሽ። ከማልሽ ማንም ቀና ብሎ አያይሽም። ካልማልሽ ግን ከአብሳዮቹ ተራ ትወጫለሽ።"

 ያን ጊዜ ጠጄ የተናገረችው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

"ብምል ነገ ልጄ ቢያስለው መሐላው ያዛት ትላላችሁ። ላሜ ብትሞት መሐላው ነው ትላላችሁ። እስክሞት እየቆጠራችሁ ትጠብቁኛላችሁ። እኔ እውነት ይዤ ልጆቼን ለአፋችሁ አልሰጥም። አልምልም።"

ግቢው አጉረመረመ። አልምልም ማለት አመነች ማለት ነው። አንዷ አብሳይ ከጎኗ ራቅ ብላ ተቀመጠች። አያ ሞገስ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ፍርዱ ከአፋቸው ሊወጣ ነው።

ጎኔ ያለችውን የሺን አየኋት። ጠጄን አይደለም የምታየው፤ እኔን ነው። ስልኳን ከደረቷ አውጥታ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች።  በዚያች ሰዓት ታውቃለች ወይስ አታውቅም ብዬ እንኳ አላሰብሁም። የታየኝ የጠጄ ነጠላ መሬት ላይ ወድቆ መቅረቱ ነው።

"እኔ ነኝ" አልሁ።

ማንም አልሰማኝም። ተነሳሁ።

"ሄለን እኔ ነኝ! ቁንጫ የለም፣ በሽታም የለም። ቀንቼ ነው። የሺ ስለቀደመችኝ ቀንቼ ነው!"

አንድ በቅሎ አናፋች። ሰምታችሁ ከሆነ "ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ" የሚባል ነገር አለ። አትውጥም። ቆሜ ቀረሁ።

የሺ ቁጭ እንዳለች "አውቃለሁ" አለች።

"ምን?"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። የጻፈውን ሰው ስም ስትነኪው ሌላ የጻፈውን ሁሉ ያወጣልሻል። ሄለን በሕይወቷ ሁለት ነገር ነው የጻፈችው፤ አንዱ የኔ ቁንጫ፣ አንዱ ያንች 'የሰሜን ገነት'።"

ሰው በሳቅ ፈነዳ። አያ ሞገስ እንኳ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም፤ የሺም አልሳቀችም።

"አውቀሽ ለምን ዝም አልሽ? ይህች ሴትዮ ስትጨነቅ!" አልኋት፤ እንደገና እኔው ተቆጪ።

"አንች እስክትናገሪ ነዋ። እንዲወጣ ያሰብሁት ካንች አፍ እንጂ ከኔ ስልክ አልነበረም። ሽማግሌው ፍርድ ሊሰጡ አፋቸውን ቢከፍቱ ላሳያቸው ስልኬን ይዤ ነበር።" ወደ ጠጄ ዞረች። "ያም ሆኖ ላንች ዘግይቻለሁ። ጥፋቴ ነው።"

 ጠጄ ነጠላዋን አንስታ አራገፈችና ከግቢው ወጣች።

በኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። አያ ሞገስ በአገጫቸው አንድ ድንጋይ አመለከቱኝ። ጎንበስ ብዬ ገና እጄን ሳሳርፍበት የሺ ክንዴን ይዛ ቀና አደረገችኝ። "ይቅር ብዬሻለሁ" አለችኝ። "ተይው፣ ወገብሽን ያምሻል።"

ሳልጠይቃት! ድንጋዩን ሳላነሳው! በፍለጋው አንደኛ፣ በይቅርታውም አንደኛ። እዚያው ቆሜ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ቀናሁባት። ምን ላድርግ፣ ሰው በአንድ ቀን አይለወጥም።

ከዚያ ጽሑፉን ሰው እያየ አጥፊ ተባልሁ። ኔትወርክ የለም። ሠላሳ ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ተከትሎኝ ዳገት ወጣ። ላይ ስንደርስ መስመሩ መጣልኝና አጠፋሁት። ቀጥዬ ለዚያ ድርጅት በስሜ ጻፍሁ፤ ውሸቱ የኔ ነው፣ ደባርቅ በሽታ የለም አልሁ። እንግዶቹ ግን ሌላ አገር ገብተዋል፤ አልተመለሱም።

ፍርዱን አያ ሞገስ እዚያው ዳገቱ ላይ ሰጡ። "በአየር ላይ ያፈረስሽውን በምድር ላይ ትሠሪያለሽ። በዚያ ትልቅ ታፔላሽ ላይ የየሺን ቤት አቅጣጫ ታስጽፊያለሽ፤ በራስሽ ወጪ።"

ዋልያዬ ላይ! ሠዓሊው ተመልሶ መጥቶ ከዋልያው እግር ሥር "ወደ የሺ ማረፊያ" ብሎ ቀስት ሣለ። ዛሬም አለ። መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ሱቅም ሆነ ማረፊያ፣ ሻይ ቤትም ሆነ ልብስ ስፌት ላላችሁ አንባቢዎቼ አንድ ነገር ላውራችሁ። ከዚያ በኋላ የሺ ስልኬን ተቀብላ ቤቴን እንደ እንግዳ ፈለገችው። የኔ ማረፊያ በሦስት ዓይነት ስም ተመዝግቦ ሦስት ቦታ ተበታትኗል። ስልክ ቁጥሩ ሲሙ ከጠፋብኝ የቆየ ነው። ካርታው ላይ ደግሞ ቤቴ አውቶቡስ መናኸሪያው መሐል ነው ያለው። አንድ እንግዳ ካረፈ በኋላ "ብርድ ልብሱ አነሰኝ" ብሎ ጽፎልኝ፣ መልስ የሰጠው ሰው የለም። እኔን የሸሸገኝ ማን እንደሆነ ያን ቀን አየሁ። የሺ አልነበረችም። አሁን ስሜ አንድ ነው፣ ቦታዬ ቦታው ላይ ነው፣ ለሚጽፍልኝ ሁሉ እመልሳለሁ፤ ሦስተኛ ወጥቻለሁ። የሺ አሁንም አንደኛ ናት። አዎ፣ ያቃጥለኛል። ግን ሲያቃጥለኝ የራሴን ክፍል ፎቶ አነሳለሁ።

ታሪኬ እዚህ ቢያልቅ በወደድሁ። አላለቀም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሄለን መሆኔን ነው። አያ ሞገስ ጆሮ ላይ ሹክ ያልሁትን ግን ከሳቸው በቀር የሰማ የለም፤ እሳቸው ደግሞ የወፍን ነገር ለማንም አይናገሩም። ጠጄ ወደ የሺ ቤት ተመልሳለች፤ መንገድ ላይ ስታገኘኝ "እንደምን ዋልሽ" ትለኛለች። እንዲያውም አንዴ "ያን ቀን ባትነሽልኝ ምን ይውጠኝ ነበር" ብላ መረቀችኝ። ምርቃቱን ተቀበልሁ። አሜን አልሁ።

ያን አሜን መዋጥ ስላቃተኝ ነው ይህን የጻፍሁት፤ የአሁኑን በራሴ ስም። ጠጄ ግን ፊደል አልቆጠረችም፤ አታነበውም። ስለዚህ ነገ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ሳትወጣ፣ ቤቷ ሄጄ እኔው አነብላታለሁ።